ኮዱ ትክክል ነው፣ ሬዲዮው ግን አይከፈትም፦ ቺፕ አንብቦ የሚከፍት ባለሙያ እንዴት አገኘሁት

ለተቆለፈ የመኪና ሬዲዮ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ፣ ሬዲዮውን ፈትቶ ውስጡን ለሚያነብ ባለሙያ ክፈሉ። ይህን የምለው ሌሎቹን መንገዶች ንቄ አይደለም። በሲሪያል ቁጥር ብቻ ኮድ የሚልኩ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለብዙ ሰው ይሠራሉ። የመኪናው ወኪልም ብዙ ጊዜ ይረዳል። እንደ እኔ ዓይነት ችግር ሲመጣ ግን ሁለቱም ከአንድ ቦታ አያልፉም።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ፎልክስዋገን ጎልፍ ናት። ሬዲዮዋ የድሮው ባለ ካሴት ነው። አባቴ በወጣትነቱ የቀዳቸው ካሴቶች አሉኝ፤ የማዳምጣቸው እየነዳሁ ነው። ስለዚህ «አውጥተሽ አዲስ ግጠሚበት» የሚለው ምክር ለእኔ አይሆንም። ባትሪ ሲቀየር ሬዲዮው «ሴፍ» የሚል ጽሑፍ አወጣና ዝም አለ።

ይህ ራሱ ብልሽት አይደለም። በዚያ ዘመን የመኪና ሬዲዮ ሌባ የሚመኘው ዕቃ ነበር። ስለዚህ ከባትሪ ሲለያይ እንዲቆለፍ ተደርጎ ተሠራ። ባለቤቱ ባለ አራት አሃዝ ኮዱን ያስገባል፣ ሬዲዮው ይከፈታል። ኮዱን የማያውቅ ሰው ግን ወስዶ አይጠቀምበትም።

ኮዱማ ነበረኝ። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ካርዱን አስረክቦኛል። ካርዱ ላይ የሬዲዮው ሲሪያል ቁጥርና ኮዱ ተጽፈዋል። ሲሪያሉ ሬዲዮው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። አገባቡም እንደ መመሪያው ነው፦ 1 ቁጥርን እየተጫኑ የመጀመሪያውን አሃዝ፣ 2 ቁጥርን እየተጫኑ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያሉ እስከ አራት፤ ከዚያ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት። አልከፈትም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። እንደኔ ባሉት ሬዲዮዎች ላይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ኮድ ከገባ ሬዲዮው ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አይቀበልም። በዚያ ሰዓት ትክክለኛውን ኮድ ብታስገቡም ዋጋ የለውም። ሰዓቱ የሚቆጥረው ደግሞ ሬዲዮው በርቶ ሲቆይ ነው። አጥፍቶ መኪናውን ቆልፎ መሄድ መጠበቅ አይባልም። ባትሪ መንቀል ቆጠራውን ያሳጥራል የሚባለውም አይሠራም፤ እንዲያውም እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ሬዲዮውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት የሚል ምክርም ይዞራል። እባካችሁ አታድርጉት። ኮዱ የተቀመጠው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ምንም በማይረሳ ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። ብርድ አያስረሳውም። የምታተርፉት እርጥበት ብቻ ነው።

ወኪሉ ጋ ደወልኩ። ሊብሬና መታወቂያ ጠየቁ፣ ተገቢ ነው። ሲሪያሉን አይተው የሰጡኝ ኮድ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ። «ኮዱ ትክክል ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያላቸው መልስ ሬዲዮ መቀየር ነበር።

ቀጥሎ ወደ ኢንተርኔት አገልግሎት ሄድኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሲሪያሉን ትልካላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ኮድ ይመጣል። የእኔ ሬዲዮ ቁጥር በቪ፣ ደብሊውና ዜድ ፊደላት የሚጀምር ሲሆን በጠቅላላው 14 ፊደልና ቁጥር አለው። ፎርድ ላይ በብዙዎቹ በቪ ወይም በኤም ፊደል ይጀምርና ስድስት ቁጥር ይከተላል። ሬኖ ላይ የሚፈለገው ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ሆንዳ ላይ ደግሞ በብዙ ሞዴሎች ሬዲዮውን ሳትፈቱ፣ 1 እና 6 ቁጥርን አንድ ላይ ይዛችሁ ስታበሩት ቁጥሩን ራሱ በስክሪኑ ያሳያችኋል። ይህ ለሰው ትልቅ እረፍት ነው።

ለአገልግሎቱ ፍጥነት ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። ግን የመጣው ያው የካርዱ ኮድ ነበር። እምቢ ማለቱን ስጽፍላቸው «በድጋሚ ሞክሪ» አሉኝ። እንደገና ስጽፍ መልሱ ያው ነበር። ያናደደኝ ይሄ ነው። የተሳሳተ ሙከራ በበዛ ቁጥር አንዳንድ ሬዲዮ ጨርሶ ይቆለፋል። ፎርድ ላይ ለምሳሌ ስክሪኑ ላይ «ሎክ 13» ከወጣ በኋላ ከውጪ በሚነካ ቁልፍ የሚሆን ነገር የለም። ኮድ የሚሸጥ ሰው ይህን እያወቀ ደንበኛውን ዝም ብሎ ሞክር ማለት የለበትም። «የሬዲዮው ሽፋን ተከፍቶ ያውቃል?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው በስልክ ገና ታሪኩን ስነግረው ያለኝ የመጀመሪያ ነገር «እህቴ፣ ከዚህ በኋላ አንድም ኮድ እንዳታስገቢ» ነው። ወዲያው እምነት ጣልኩበት። ስደርስም ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ጠየቀኝ። ስሜን ከመታወቂያዬ ጋር አስተያየ። ይህን የማይጠይቅ ሰው ጋ ሬዲዮ አትስጡ እላለሁ። የተሰረቀ ዕቃ የሚከፍት ሰው የእናንተንም ዕቃ በጥንቃቄ አይዝም።

ሬዲዮውን ያወጣው ፊቱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ውስጥ በሚገቡ ጠፍጣፋ መፍቻዎች ነው። ካቻቪቴ አስገብቶ ዳሽቦርዱን የሚቦጭቅ ሰው አይቼ ስለማውቅ ይህን በደንብ ነው የተመለከትኩት። ከኋላ ያለውን የአንቴና ገመድና ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ሽፋኑን ከመክፈቱ በፊት ብሎኖቹን በባትሪ መብራት አየ። ጫፋቸው ተፍቋል። ከዚህ በፊት ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

ሲከፍተው ነገሩ ወጣ። ውስጡ ያለው ዋናው ሰሌዳ የዚህ ሽፋን አይደለም። የሆነ ጊዜ ሬዲዮው ተበላሽቶ፣ ጠጋኙ ከሌላ ተመሳሳይ ሬዲዮ ሰሌዳውን አውጥቶ እዚህ ውስጥ አስገብቶታል። ሽፋኑ ላይ ያለው ወረቀት፣ ካርዱ፣ ወኪሉ፣ ኢንተርኔቱ ሁሉም የተናገሩት ስለ ሽፋኑ ነው። ኮዱን የያዘው ቺፕ ግን የሌላ ሬዲዮ ነው። ሁሉም ትክክል ሆነው ሬዲዮው የማይከፈተው ለዚህ ነበር።

ቺፑ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ስምንት እግር ያለው ነገር ነው። ባለሙያው መቆንጠጫ መሰል ማገናኛ ላዩ ላይ ሰካና በትንሽ ማንበቢያ በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። እዚህ ላይ ያደረገውን በጣም ወደድኩ። ምንም ከመንካቱ በፊት የቺፑን ይዘት በሙሉ ቀድቶ አስቀመጠ። ከዚያ ደግሞ አነበበና ሁለቱን አስተያየ። አንድ ካልሆኑ ማገናኛው በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መሥራት ቺፑን ማበላሸት ነው። የመጀመሪያው ንባብ ከሁለተኛው አልገጠመም። እግሮቹን በአልኮል ጠርጎ እንደገና ሰካ፣ ገጠመ።

ስክሪኑ ላይ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረው አየሁ። ለእኔ ምንም አይደሉም። እሱ ግን የትኛው መስመር ላይ እንደሚፈልግ ያውቃል። እንዳስረዳኝ አንዳንድ ሬዲዮ ላይ ኮዱ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ሌላው ላይ አሃዞቹ ተገለባብጠው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው፣ እሱን ለመፍታት የሬዲዮውን ሞዴል የሚያውቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የእኔ ተገለባብጦ ነበር። አራቱን አሃዝ አውጥቶ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ።

ከዚያ ደግሞ ምርጫ ሰጠኝ። በአጭሩ መጨረስ ከፈለግሽ ከተከፈተ ሬዲዮ የተወሰደ ይዘት ቺፑ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርሽም አለኝ። ምክንያቱን ጠየቅኩ። ቺፑ ላይ ከኮዱ ሌላ የዚያ ሰሌዳ ማስተካከያዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። የሌላውን ሲጭኑበት ሬዲዮው ይከፈትና ጣቢያ መያዙ ወይም ድምፁ ሊዛባ ይችላል። በዚያ ላይ ባትሪ ሲነቀል እንደገና ኮድ ቢጠይቅ ማን ያውቀዋል? እውነተኛውን ኮድ ማወቅ ይሻላል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። «ከፈትኩልህ» ብሎ ኮዱን የማይሰጥ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የጨረሰው።

ሬዲዮውን መኪናው ላይ መልሶ አበራው። ቆልፎ የነበረው ሰዓት እስኪያልቅ በርቶ ጠበቅን። ኮዱ ገባ፣ ጣቢያው መጣ። አባቴ የቀዳውን አንድ ካሴት እዚያው አስገባሁ። ባለሙያው ግን ገና አልጨረሰም። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቅሎ መልሶ አስነሳ፣ ኮድ ደግሞ ይጠይቅ እንደሆነ ለማየት። ሬዲዮ ሁለት የኃይል መስመር አለው። አንደኛው ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ነው። ሌላው ከባትሪ ሁልጊዜ የሚመጣና የሬዲዮውን ማስታወሻ በሕይወት የሚያቆይ ነው። ሁለተኛው ከተቋረጠ፣ ፊውዙ ከተቃጠለ ወይም ገጣሚ ሁለቱን ካለዋወጣቸው፣ ሬዲዮው መኪናውን ባጠፋችሁ ቁጥር ጣቢያዎቹን ይረሳል። ባለ ኮድ ከሆነም ሁልጊዜ ኮድ ይጠይቃል። የእናንተ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ለኮድ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፊውዙንና ሽቦውን አስዩ።

ቅር ያሉኝ ነገሮች አሉ። የሠራውን የሚገልጽ ወረቀት አልሰጠኝም፤ ኮዱን በብጣሽ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። የቺፑን ቅጂም ካልጠየቅኩት በቀር ሊሰጠኝ አላሰበም። ስጠይቀው በፍላሽ ሰጠኝ፣ ቅር አላለውም፤ ግን የደንበኛው ንብረት ስለሆነ ሳይጠየቅ መስጠት ነበረበት። ሽፋኑ ላይ ያለው የድሮ ሲሪያል ወረቀትም እንዳለ ቀረ። ነገ መኪናዋን የሚገዛ ሰው በእኔ መንገድ እንዳይንከራተት አዲሱን ኮድ ካርዱ ላይ ጽፌ፣ አሮጌውን ሰርዤ፣ ምክንያቱን በአጭሩ አስፍሬያለሁ። ካርዱን መኪና ውስጥ አላስቀምጠውም። ኮዱ ከሬዲዮው ጋር አብሮ ከተሰረቀ ቁልፉ ምን ይሠራል?

ወደ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቺፑን ቀድተህ ነው የምትጀምረው? ኮዱንስ ትሰጠኛለህ? ለሁለቱም ሳያቅማማ «አዎ» ካለ ሂዱ።

አዳዲስ መኪና ያላችሁ ግን ይህን መንገድ አትጠብቁ። በብዙዎቹ ሬዲዮው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይተዋወቃል፣ ባለ አራት አሃዝ ኮድ የሚባል ነገርም የላቸውም። እንደ አውዲ ያሉት ላይ ከሌላ መኪና የመጣ ሬዲዮ ሲገጠም የስርቆት መከላከያው ሥራ ይጀምርና ድምፁን ይዘጋዋል። እሱን የሚያነሳው ከአምራቹ መረብ ጋር የተገናኘ መመርመሪያ ነው። እዚያ ላይ ባለ መቆንጠጫው ባለሙያ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወኪሉ ጋ ደውሉ።