ብስክሌት ለትራያትሎን፦ ጎንደር ላይ የትኛው ያዋጣል?

ዳን ኤምፕፊልድ በ1987 እ.ኤ.አ. ኩዊንታና ሩ የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት ሥራውን የጀመረው ለትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ ለሚደረጉበት ውድድር) በተዘጋጀ የዋና ልብስ ነው። በ1989 ያወጣው ሱፐርፎርም ብስክሌት ግን ኮርቻውን ወደ ፊት አመጣው። የኮርስ ብስክሌት የኮርቻ ቱቦ (ኮርቻውን የሚሸከመው የፍሬሙ ቱቦ) ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ሲያጋድል የእሱ ወደ 80 ቀና አለ። ነጂው ክርኑን ኤሮባር (መሪ ላይ የሚታሰር ወደ ፊት የወጣ የክንድ ማሳረፊያ) ላይ አሳርፎ ሲያጎነብስ ጭኑ ሆዱን አይገፋውም። ዋጋና ቀለም ከማየት በፊት ይህን ማየት ይገባል።

ሙሉ የትራያትሎን ብስክሌት በደምቢያ ሜዳ ከኮርስ ብስክሌት ይበልጣል፤ አያከራክርም። ወደ ኮሶዬ ዳገት ሲዞሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ኪ.ሜ. ሲወርድ ንፋስ መቁረጥ እምብዛም አይጠቅም። በዚያ ላይ በ2,100 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማርሹም አለ፦ 39 በ25 (ከፊት ባለ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ 25 ጥርስ ማርሽ) የያዘ ብስክሌት፣ እግር በደቂቃ 70 ዙር እንዲረግጥ ዳገቱን በሰዓት 14 ኪ.ሜ. ገደማ መውጣት ይጠይቃል። 34 በ32 የያዘ በ9 ተኩል ይወጣዋል። ያገለገለ ከሆነ የጎማውን ጎን ያንብቡ። 571 የሚል ከሆነ (ቁጥሩ የቸርኬው ስፋት በሚ.ሜ. ነው) በብዛት ለሚገኘው ለ622 ቸርኬ የተሠራ ጎማ አይገባበትም፤ ትርፍ ጎማ ሳይዙ አይግዙት።

ኮርስ ብስክሌት ላይ ኤሮባር ማሰር ለአብዛኛው ሰው ይሻላል፤ ግን በትክክል ከታሰረ። የመሪውን ውፍረት መሃሉ ላይ ይለኩ፤ 31.8 ወይም 26 ሚ.ሜ. ነው፣ ማሰሪያውም ያንኑ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ የካርቦን መሪ ላይ አይታሰርም። ብሎኖቹን እያፈራረቁ፣ በላያቸው እስከተጻፈው ልክ ብቻ ያጥብቁ፤ ከላላ ጉድጓድ ሲመታ ይዞራል፣ የፍሬን ገመድ ከሥሩ ከተያዘም ፍሬኑ ይደርቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ኮርቻውን ባለበት ትተው ኤሮባር ሲያስሩ ነው፤ ወገብ የሚያመውም ከዚህ ነው። ኮርቻው 3 ሳ.ሜ. ወደ ፊት ሲመጣ 1 ሳ.ሜ. ገደማ ከፍ ይበል። ክብደት ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ መሪው ይቅበጠበጣል፤ እጅም ከፍሬን ይርቃል። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይና ቁልቁለት ሲወርዱ እጅ ወደ ፍሬኑ ይመለስ።