«ሸርተቴ አለው» ስለተባለ ብቻ ሆቴል እንዳትይዙ፦ ከልጆች ጋር ወደ አንታሊያ ለምትሄዱ ማስጠንቀቂያ

በጀርመን ከልጆቻችሁ ጋር የምትኖሩና ለመጪው የትምህርት ቤት ዕረፍት በቱርክ የአንታሊያ ባሕር ዳርቻ፣ ምግቡም መጠጡም መዝናኛውም በአንድ ዋጋ የሚታሰብበት፣ ሁላችንም ኦል ኢንክሉሲቭ የምንለውን ዓይነት ሆቴል ለመያዝ የምታስቡ ወላጆች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ብታነቡት እወዳለሁ። ባለፈው ነሐሴ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን ለሰባት ሌሊት 2,900 ዩሮ የከፈልንበት ሆቴል የማጭበርበሪያ ቤት አልነበረም፤ ክፍሉ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹ ትሑታን፣ ምግቡም ከበቂ በላይ ነበር። ነገር ግን ሆቴሉን ከሌሎች የመረጥንባቸው ሁለቱ ምክንያቶች፣ ማለትም አኳፓርክ የሚባለው ሸርተቴ ያለበት የውሃ መጫወቻና ባሕሩ፣ በማስታወቂያው እንዳየናቸው ሆነው አላገኘናቸውም። ቅሬታችንን አቅርበን ከገንዘባችን የተወሰነውን የምናስመልስበትን መንገድ ደግሞ 240 ዩሮ ለመቆጠብ ብለን ገና ስንገዛ በገዛ እጃችን ዘግተነው ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ በዚያ ዳርቻ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ሆቴሎች ብዙ ስለሆኑ እናንተን የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቁ ነው።

በሆቴሉ ገጽ ላይ ከነበሩት ሠላሳ ገደማ ፎቶግራፎች ስምንቱ ቀይና ቢጫ ሸርተቴዎች የሚታዩባቸው ነበሩ፤ ከሥራቸውም «የአኳፓርክ አገልግሎት በነጻ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ዐረፍተ ነገር ውሸት የለበትም። አኳፓርኩ ያለው በዚያው ግቢ ውስጥ ነው አይልም፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነውም አይልም። ገና ሻንጣችንን ሳንፈታ ልጆቹ ሸርተቴው የት እንደሆነ ሲጠይቁ፣ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ካርታ ዘርግቶ ያሳየን የዚያው ባለቤት ንብረት የሆነ ሌላ ሆቴል ነበር። ወደዚያ የሚወስደው ሚኒባስ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይነሣል፤ ቦታውን የሦስት ሆቴሎች እንግዶች ይጋሩታል፤ ውሃው የሚለቀቀው ከጠዋቱ 10 እስከ 12፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ 5 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከስድስቱ ሸርተቴዎች ሁለቱ ጥገና ላይ ናቸው ተብለው በገመድ ታጥረው ነበር፤ እስከምንመለስበት ቀን ድረስም ገመዱን የነካው ሰው አላየሁም።

ከወረፋው ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ወደ ትልልቆቹ ሸርተቴዎች ከሚያወጣው ደረጃ ሥር ዶልፊን የተሳለበት የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ቆሟል፤ የዶልፊኑ አፍንጫ የሚያርፈው 1.20 ሜትር ላይ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጄ 1.17 ናት። ከሰሌዳው ሥር ቆማ ተረከዟን ቀስ አድርጋ ስታነሣ ያያት ወጣት ተቆጣጣሪ በሁለት ጣቱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወደ ነበረችበት መለሳትና አይሆንም በሚል ራሱን ወዘወዘ። የሠራው ልክ ነው፤ ይህ ደንብ ለልጆች ደኅንነት የወጣ ስለሆነ የሚጥሰውን ተቆጣጣሪ ነበር መክሰስ የሚገባኝ። ነገር ግን ሆቴሉ ለዋናው መስህቡ ስምንት ፎቶግራፍ ሲመድብ ስለ ቁመቱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከሦስቱ ልጆቼ በትልቁ ሸርተቴ የወረደው የ11 ዓመቱ ወንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ የአራት ዓመቷ ታናሽ ሳምንቱን ያሳለፈችው የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ፏፏቴ በተተከለበት፣ ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ገንዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ገንዳ ደግሞ ስለ አኳፓርክ ምንም የማያወሩና ዋጋቸው በጣም ያነሰ ሆቴሎችም ዘንድ አለ።

ወደ ባሕሩ ልምጣ። ማስታወቂያው «ከባሕር 80 ሜትር» ይላል፤ ርቀቱም በእርግጥ ያን ያህል ነው። ያልተነገረን በመካከሉ ዲ400 የሚባለው፣ የደቡብ ቱርክን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው አውራ ጎዳና እንደሚያልፍ ነው። ከአላንያ በስተ ምዕራብ ባሉት በኮናክሊ፣ በአቭሳላርና በኦኩርጃላር አካባቢ በርካታ ሆቴሎች ከመንገዱ ወዲያ ማዶ የተሠሩ በመሆናቸው እንግዶቻቸው ወደ ባሕሩ የሚሻገሩት በመሬት ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ወይም በድልድይ ነው። የእኛው መተላለፊያ 26 ደረጃ ነበረው፤ የሕፃን ጋሪ፣ የመዋኛ ጎማና የተኛች ልጅ ይዞ በቀን አራት ጊዜ መውጣትና መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም። ማዶ ስንደርስ ደግሞ ባሕሩ ከዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበትና የሚያንሸራትት ስለነበር፣ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ጫማ ካላደረጉ ሊገቡበት አልቻሉም። ቤሌክና ሲዴ አካባቢ ዳርቻው በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ ከአንታሊያ አውሮፕላን ማረፊያም ይቀርባሉ፤ ቤሌክ 35 ኪሎ ሜትር፣ ሲዴ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ አላንያ ግን ወደ 125 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውቶቡሱ በየሆቴሉ እየቆመ ሰው ሲያወርድ መንገዱ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የዋጋው ልዩነት የሚመጣውም በከፊል ከዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ከቤቴ ሳልወጣ በአምስት ደቂቃ ማወቅ እችል ነበር። የሆቴሉን ስም በስልካችሁ ካርታ ላይ አስገብታችሁ የሳተላይቱን ምስል ክፈቱ፤ በሕንፃውና በባሕሩ መካከል ሰፊ መንገድ መኖሩን፣ ሸርተቴዎቹ በየትኛው ግቢ ውስጥ እንደሆኑና አጠገቡ ግንባታ እየተካሄደ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ ደግሞ በነጥብ ሳይሆን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡትና እንግዶች ራሳቸው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ተመልከቱ። እኔ ዘጠኝ ነጥብ ማግኘቱን ብቻ አይቼ ነው የገዛሁት።

የጀርመን የጉዞ ካታሎጎችም ለብቻው መማር ያለበት ቋንቋ አላቸው። «ሜርብሊክ» ከተባለ ከክፍሉ ባሕር መታየት አለበት፤ «ሜርዛይተ» ከተባለ ግን ክፍሉ በባሕር በኩል ያለ መሆኑን ብቻ ስለሚናገር ከፊቱ ሌላ ሕንፃ ቆሞ ሊሆን ይችላል። «ሕያው አካባቢ» ሌሊቱን ሙዚቃ እንዳለ፣ «በማደግ ላይ ያለ ስፍራ» ደግሞ የግንባታ ሥራ እንዳላለቀ የሚጠቁሙ አነጋገሮች ናቸው። «የቤተሰብ ክፍል» የሚለው ሁለት ክፍል ማለት አይደለም፤ በበር የተለየ መኝታ እንዳለው ካልተጻፈ በቀር አንድ ክፍል ነው ብላችሁ ያዙት። የእኛው አንድ ትልቅ አልጋ፣ አንድ ተዘርጊ ሶፋና ሁለት ታጣፊ አልጋዎች የተደረደሩበት ስለነበር ወደ በረንዳው ለመውጣት በየጠዋቱ አንዱን አልጋ ማጠፍ ነበረብን።

ስለ ምግቡ የማነሣው ቅሬታ የለም፤ እንዲያውም ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታ ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም ለምትጨነቁ፣ ቱርኮች በወይራ ዘይት ሠርተው ቀዝቀዝ ሲል የሚያቀርቡት ፎሶሊያ፣ ባዲንጃንና በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በየቀኑ ቡፌው ላይ አለ። የምስር ሾርባውን ግን በቅቤ ወይም በዶሮ መረቅ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። በአንድ ዋጋ የማይካተተው ሌላ ሌላው ነው፦ የተጨመቀ ትኩስ ብርቱካን፣ በቡና ቤቱ የሚሸጠው አይስክሬም፣ በቀጠሮ የሚገባባቸው ምግብ ቤቶችና በተለይም ከመመገቢያ አዳራሹ መውጫ ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ክፍል። ልጆቻችን በሳምንት ውስጥ እዚያ ያጠፉት 70 ዩሮ ነው።

አሁን ዋናውን ስሕተታችንን ልንገራችሁ። ያንኑ ሆቴል ከበረራውና ከአውቶቡሱ ጋር በአንድ ጥቅል፣ ጀርመኖች «ፓውሻልራይዘ» በሚሉት መልክ የሚሸጥ ጉዞ አዘጋጅ ድርጅት አግኝተን ነበር። ሆቴሉን ለብቻ ከአንድ የሆቴል መያዣ ገጽ፣ አውሮፕላኑን ለብቻ ብንገዛ ግን 240 ዩሮ እንደሚቀር ስላየን ለያይተን ገዛን። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቅል ጉዞ የገዛ ሰው ተጠያቂው ጀርመን ያለው ጉዞ አዘጋጅ ነው፤ ቃል የተገባው ነገር ሲጎድል ችግሩን በቦታው ለድርጅቱ አሳውቆ እንዲስተካከል መጠየቅ፣ ካልተስተካከለም የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። ሆቴል ለብቻው የያዘ ሰው ግን ጉዳዩ ከሆቴሉ ጋር ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ ቱርክ ነው። የሆቴል መያዣ ገጹ ደላላ እንጂ ውሉ ውስጥ እንደሌለበት በትሕትና ጻፈልኝ። ሆቴሉ በበኩሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ «አገልግሎቱ በነጻ ተሰጥቶዎታል» ካለ በኋላ ለሚቀጥለው ጉብኝት የ10 በመቶ ቅናሽ ሰጠኝ። ለጥቂት መቶ ዩሮ ብሎ አላንያ ላይ ጠበቃ የሚያቆም ሰው ካለ ንገሩኝ።

ጥቅል ጉዞ ሌላም ጥበቃ አለው። በአውሮፓ ሦስተኛው ትልቅ የነበረው ኤፍቲአይ የተባለው ጉዞ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በከሰረ ጊዜ፣ ጥቅል ጉዞ የገዙት ደንበኞች ገንዘባቸው በጀርመን የጉዞ ዋስትና ፈንድ በኩል ሲሸፈን፣ ከድርጅቱ ሆቴል ብቻ የያዙት በዚህ ዋስትና አልተሸፈኑም። ፈንዱ ራሱ የተቋቋመው ቶማስ ኩክ የተባለው ሌላ ጉዞ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ከከሰረ በኋላ የቀድሞው መድን ኪሳራውን መሸፈን ስላልቻለ ነው። ስለዚህ «ዚሸሩንግስሻይን» የሚባለው የዋስትና ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ለጥቅል ጉዞ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ፤ ድርጅቱም ያለዚያ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ቅድሚያ ክፍያውም በተለመደው አሠራር ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የቀረውም ጉዞው ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው መጠየቅ የለበትም። በማኅበራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገርም ልጨምር፦ በኢንተርኔት የገዛነውን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ የምንመልስበት መብት በኢንተርኔት ለተያዘ ሆቴልም ሆነ ጥቅል ጉዞ አይሠራም። የመግዣውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተጫናችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያድናችሁ በውሉ ላይ የተጻፈ የመሰረዝ መብት ነው።

ጥቅል ገዝታችሁ ችግር ከገጠማችሁ ደግሞ ለእንግዳ መቀበያው መንገር አይበቃም። ለድርጅቱ ተወካይ ወይም ለሸጠላችሁ የጉዞ ወኪል በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፤ የተዘጋውን ሸርተቴ፣ የሰዓት ሰሌዳውንና መተላለፊያውን ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከሌላ ቤተሰብም ምስክር ያዙ። ዝም ብሎ ሳምንቱን ጨርሶ ቤት ከገባ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የቅናሽ መብትን ያሳጣል፤ በጊዜው ላሳወቀ ሰው ግን ቅናሹን ለመጠየቅ ጉዞው ሊያልቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አለው። የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ካወጣውና ሌሎች ፍርድ ቤቶች ሳይገደዱ ከሚመለከቱት ሠንጠረዥ እንደሚታየው፣ ቃል የተገባ የመዋኛ ገንዳ ከጎደለ ከ10 እስከ 20 በመቶ የዋጋ ቅናሽ ይታሰባል። በእኛ ሒሳብ ይህ ከተቆጠበችው 240 ዩሮ ይበልጥ ነበር።

ለመጪው የኦክቶበር ዕረፍት ለአራት ሆቴሎች አንድ ዓይነት ኢሜል ላክን፦ በራሳችሁ ግቢ ውስጥ ስንት ሸርተቴ አለ፣ ለእያንዳንዱ የሚፈቀደው ቁመትና ዕድሜ ስንት ነው፣ እኛ በምንመጣባቸው ቀኖች ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታሉ፣ ወደ ባሕሩ ለመሄድ መንገድ እንሻገራለን ወይ፣ የቤተሰብ ክፍሉ በር አለው ወይ የሚል ነበር። አንዱ አልመለሰም፤ አንዱ የማስታወቂያ መጽሔቱን ብቻ ላከ፤ አንዱ «ሁሉም ነገር አለ» ብሎ ጻፈ። አራተኛው ሲዴ አጠገብ ያለ ሲሆን፣ አየሩ ከቀዘቀዘ ትልልቆቹ ሸርተቴዎች እንደሚዘጉ፣ ከ1.20 ሜትር በታች ላሉ ልጆች የሚፈቀዱት ሦስቱ ብቻ እንደሆኑና ባሕሩ ጋ አውራ ጎዳና ሳይሻገሩ በእግር እንደሚደረስ ቁጥር በቁጥር መለሰልን። ዋጋው ከሌሎቹ በ180 ዩሮ ይበልጣል። እዚያው በጥቅል ይዘናል፤ መልሱም በውሉ ላይ እንዲሰፍር ጉዞ አዘጋጁን በጽሑፍ ጠይቀን ማረጋገጫውን ከተቀበልን በኋላ ነው ቅድሚያውን የከፈልነው።