ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ አጠገብ መከራየት፦ የሁለት ዓመት ተሞክሮ

በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ ስድስት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ሕንፃ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ሁለተኛ ዓመታችንን ጨርሰናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንጎመሪ ካውንቲ በጣቢያዎችና በሰፋፊ ጎዳናዎች ዳር ቤት ይብዛ አይብዛ የሚለው ክርክር ከተነሣ ቆይቷል፤ እኔ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ግን ከፍ ብሎ የሚሰማው የባለ ግል ቤቶች ድምፅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ሕንፃ የምንኖር ተከራዮች ያየነውን መናገር ይገባናል።

ቀድሞ በዚሁ ካውንቲ ጀርመንታውን በምትባል ከተማ ሳለን ሁለት መኪና ያስፈልገን ነበር፤ እዚህ በገባን በሦስተኛው ወር አንዱን ሸጥነው። ከኢንሹራንሱ፣ ከቤንዚኑና ከጥገናው የተረፈው ገንዘብ በኪራይ የጨመርነውን ሸፍኖልናል። በሜትሮው ቀይ መስመር ዲሲ መሀል ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስም እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው። ከሁሉ ይልቅ የተለወጠው ግን የእናቴ ኑሮ ነው። መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ጀርመንታውን ሳለች እኛ ከሥራ እስክንመለስ መስኮት ዳር ተቀምጣ ትውል ነበር። አሁን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ እንጀራዋን ገዝታ፣ መንገድ ላይ ካገኘቻቸው እናቶች ጋር ስትጨዋወት ቆይታ ለምሳ ትመለሳለች። ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ ላይ ናቸው፤ መስኮቱም የሚከፈተው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። እሑድ ቡናው መጨስ ሲጀምር የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ትልቁ ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግባል፣ እናቴም መቁያውን ይዛ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። ሌሊት የጭነት ባቡር ሲያልፍ መስታወቱ ይርገበገባል፤ ይህ ግን በወር ውስጥ ይለመዳል። የማይለመደው የክፍል ማነስ ነው። እናቴ የምትተኛው ሳሎን ውስጥ፣ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። በጣቢያው ዙሪያ አምስት ሕንፃዎች ጠይቄ ባለ ሦስት መኝታ ያገኘሁት በአንዱ ብቻ ሲሆን፣ ኪራዩም ከአቅማችን በላይ ነበር፤ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ግን በሁሉም ነበረ።

የኪራይ ጭማሪውንም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ዓመታዊ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ቢወሰንም፣ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ያልሞላ ሕንፃዎች ከገደቡ ነፃ ናቸው። የእኛ ሕንፃ አዲስ በመሆኑ ውሉን ስናድስ የተጠየቅነው ከዚያ በላይ ነበር። የምትከራዩ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ከዚህ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የካውንቲ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ቤቶች የሚሠሩ አልሚዎች የተወሰነውን ድርሻ መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች እንዲያውሉ ያስገድዳል፤ ተራው ረጅም ቢሆንም ማመልከት አይጎዳም።

ከሕንፃችን አሥር ደቂቃ ያህል ሲኬድ ትልልቅ ዛፎች ያጠሏቸው፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ነጠላ ቤቶች ይጀምራሉ። እንደ እኛው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃና በነዚያ ቤቶች መካከል፣ እንደ እኛ ላለው አምስት ነፍስ የሚበቃና ኪራዩ የሚቻል ቤት የለም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የካውንቲው የፕላን ቦርድ በነጠላ ቤት ሰፈሮች ውስጥ ለሁለት፣ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ የሚሆኑ ቤቶች እንዲፈቀዱ ሐሳብ ሲያቀርብ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የካውንቲው ምክር ቤት በ8 ድምፅ ለ3 ያጸደቀው ሕግ ጠበብ ያለ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቤቶችንና አነስተኛ አፓርታማዎችን የሚፈቅደው በሰፋፊ ጎዳናዎች ዳር ባሉ ቦታዎች ነው። ትምህርት ቤቱ ይጣበባል፣ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል የሚሉትን ጎረቤቶች ስጋት አልንቅም፤ የልጄም ክፍል የተጨናነቀ ነው። ይሁን እንጂ ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ እዚህ አለ፤ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው ፐርፕል ላይን የተባለው ቀላል ባቡርም፣ ብዙ ዓመት ቢዘገይም፣ በዚሁ ጣቢያ ያልፋል። ይህን ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ በእግር ርቀት ላይ ያለውን መሬት ለነጠላ ቤት ብቻ ማቆየት ተገቢ አይመስለኝም።

ለብቻው ለሚኖር ሰው ወይም ለአዲስ ተጋቢዎች ይህን ሰፈር ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እኛ ግን ውላችን በሚያዝያ ስለሚያልቅ ባለ ሦስት መኝታ ፍለጋ ጀምረናል። እናቴ ሱቋ ድረስ በእግሯ የማያደርሳትን ቤት እንዳታሳዩኝ ብላናለች።