የክራውን ስትሪት ጣቢያ ሥዕል፦ ኦርጅናሉ፣ የጋዜጣው ገጽ ወይስ ኮፒው?

እዚህ ለንደን ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሎን ያለችውን ሥዕል አይቶ «ስንት ገዛሃት? ለእኔም ፈልግልኝ» ይለኛል። ለሁሉም በአንድ ላይ ልመልስ።

ሥዕሏ የሊቨርፑልን የመጀመሪያ የመንገደኞች ባቡር ጣቢያ፣ ክራውን ስትሪትን ታሳያለች። በፈረንጆቹ 1830 ተከፍቶ በ1836 ላይም ስትሪት የተባለው ጣቢያ ሲከፈት መንገደኛ ማስተናገድ አቆመ። ሥዕሉን የሠራው ቶማስ ታልቦት በሪ ነው፤ አከርማን የተባለው አሳታሚ በ1831 አሳተመው። ባቡሩን የሚጎትተውን ሞተር፣ ሎኮሞቲቩን፣ ግን አታዩበትም። ሎኮሞቲቩ ኤጅ ሂል የሚባል ቦታ ላይ ይቀርና ፉርጎዎቹ በገመድ እየተጎተቱ በዋሻው በኩል ወደ ጣቢያው ይወጡ ነበር። እኔን የማረከኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ኮፒ ነበር። 140 ፓውንድ! ወርቃማው ፍሬም አታለለኝ። ቤት ወስጄ ጀርባውን ስከፍተው ወረቀቱ ገና አዲስ፣ ነጭ ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ሰማዩ በሙሉ በረድፍ የተሰለፈ የሰማያዊ፣ የሮዝና የቢጫ ነጠብጣብ ሆነ። የዘመኑ ማተሚያ ሥራ ነው። ከ10 ፓውንድ በላይ አትክፈሉበት።

ኦርጅናሉ አኳቲንት ነው፤ በአሲድ ከተበላ የመዳብ ሰሌዳ የታተመ። በመነጽር ሲያዩት ጥላው እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ይላል፣ ረድፍ የለውም። ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው። የእኔዋ ላይ የአንዱ ሰውዬ ሰማያዊ ኮት ከመስመሩ ሾልኮ መሬቱን ነክቷል። ዳር ዳሩን በጣት ሲዳስሱት ሰሌዳው የተጫነበት ጠርዝ ይሰማል። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ። ግን ጠርዙን ብቻ አትመኑ፣ ኮፒ ላይም ይጫናል። እኔ 260 ከፈልኩ፣ ኅዳጉ ቡናማ ነጠብጣብ ስላለበት። ንጹሑን 450 ብለውኝ ነበር። ነጠብጣቡ ሥዕሉን እስካልነካ ድረስ ለእሱ 190 ፓውንድ አልጨምርም።

አቅም ካልፈቀደ የድሮ ሳምንታዊ ጋዜጣ ገጽ ግዙ። ኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ ከ1842 ጀምሮ የባቡር ጣቢያ ሥዕሎችን በእንጨት ላይ እያስቀረጸ እያተመ አውጥቷል። ክራውን ስትሪት በዚያን ጊዜ ለመንገደኛ ተዘግቶ ስለነበር ሌላ ጣቢያ ነው የምታገኙት። እኔ አንዱን በ25 ፓውንድ ገዝቻለሁ። ጀርባው ላይ የጋዜጣው ጽሑፍ አለ፣ ደስ ይላል። ቀለም የተቀባውን 60 ይሏችኋል። ሲታተም ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለሙን አብዛኛውን ጊዜ ሻጮች በኋላ ያስቀቡት ነው። ያልተቀባውን ውሰዱ።

ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ነጠብጣብ ያለበት ኦርጅናል።

ሻጩ ፍሬሙን አልከፍትም ካለ ትታችሁ ውጡ። ተከፍቶ ፕላስተር ካያችሁም አስቡበት። የእኔዋ ከጀርባ በፕላስተር ተለጥፋ ነበር፤ ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ጥሎበታል። ለወረቀት ጠጋኟ 90 ፓውንድ ከፈልኩ፣ ሦስት ሳምንትም ጠበቅኩ። ቢጫው ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም።