የመኪና መንገድ ጠቋሚ ሲገዙ፦ ስልክ፣ ጋርሚን ወይስ የአንድሮይድ ስክሪን?

ባሕር ዳር ውስጥ ሱቅ ገብቶ «የመኪና ጂፒኤስ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸውና። አንደኛው ሲም ካርድ ገብቶለት መኪናው ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ የሚያሳውቅ መከታተያ ነው፤ ሁለተኛው ለሾፌሩ መንገድ ያሳያል። እዚህ የማነጻጽረው ሁለተኛውን ነው።

ምርጫው በእጃችን ያለው ስልክ፣ እንደ ጋርሚን ያለ ራሱን የቻለ መሣሪያ፣ ወይም በሬዲዮው ቦታ የሚገጠም የአንድሮይድ ስክሪን ነው። ሦስቱም ያሉበትን ቦታ የሚያውቁት ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚቀበሉት ምልክት ሲሆን፣ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ስለዚህ «ዳታ ከሌለ ስልክ መንገድ አያሳይም» የሚለው የሻጮች አባባል ትክክል አይደለም። ዳታ የሚፈልገው ካርታው ነው። ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ በተባሉት የስልክ የካርታ መተግበሪያዎች ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ቀድሞ ያወረደ ሰው፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠርም ሳይቸገር ይሄዳል።

እኔ ከዋጋው በፊት የማየው የካርታውን ዕድሜ ነው። 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ መሣሪያውን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍተው ከከተማው ወደ ወንዙ ማዶ መንገድ እንዲያወጣ ይዘዙት፤ ድልድዩ በካርታው ላይ ከሌለ ካርታው አሮጌ ነው። ቀጥለው ጎርጎራን ይፈልጉ። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ስትሆን፣ ከባሕር ዳር በመኪና የሚደረሰው በወረታና በአዘዞ ዞሮ ነው፤ ሐይቁን አቋርጦ መስመር የሚያሰምር መሣሪያ ለመኪና አይሆንም። በላቲን ፊደል ብቻ የሚጻፍበት ከሆነም ዘጌን በሁለት በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩት፤ በአንዱ ብቻ የሚያገኝ መሣሪያ መንገድ ላይ ያደክማል።

የጋርሚን ብርታቱ የተሠራው ለዚህ ሥራ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስልክ ሲደወል አይቋረጥም፣ የስልክዎንም ባትሪ አይጨርስም። እኔ በመጋቢት እኩለ ቀን ስልኬን የፊት መስታወቱ ሥር ሰክቼ ወደ ጎንደር ስነዳ፣ ወረታን እንዳለፍሁ ስክሪኑ ደብዝዞ ደብዝዞ በሙቀት ጠፍቶብኛል። ነገር ግን ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ጋርሚን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የዚያን አገር ካርታ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ካርታ ሳይጫንበት ገንዘብ እንዳይከፍሉ አደራ እላለሁ።

የአንድሮይድ ስክሪን ሰፊ ነው፣ የኋላ ካሜራም ይቀበላል፤ ለመንገድ ብቻ ብሎ መግዛቱ ግን ወጪ ማብዛት ይመስለኛል። ከገዙትም የጂፒኤስ አንቴናው ሰማይ በሚያይበት በመስታወቱ ሥር እንዲቀመጥ ገጣሚውን ይንገሩት፤ ከብረት ሥር ከተቀበረ ምልክቱ ይደክማል።

በከተማና በአስፋልት ለሚውል የቤት መኪና ስልክ፣ ጠንካራ መያዣና ጥሩ ቻርጀር ይበቃል፤ መያዣውን ግን ከመስታወቱ ይልቅ ነፋስ ማውጫው ላይ ያድርጉት። ቀኑን ሙሉ ገጠር ለገጠር ለሚነዳ ሰው ጋርሚን እመርጣለሁ። መኪናው አይሱዙ የጭነት ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ እንደ ቤት መኪና 12 ሳይሆን 24 ቮልት ሊሆን ስለሚችል፣ ቻርጀሩ ላይ «12–24» የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተው ይግዙ።