ሩሜን ይዤ አርሲ ነገሌ

ዘንድሮ አገር ቤት አንድ ወር ከረምኩ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እንዴት እንዳገኘኋቸው ልንገራችሁ።

መኪና የተከራየሁት ከነሹፌሩ ነው። ሹፌሩ በሰዓቱ ይመጣል፣ ረጋ ብሎ ይነዳል፣ እየነዳ ስልክ አያነሳም። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ያደርኩበት ፔንሲዮን ግን ሌላ ነው። ሙቅ ውሃ አለ ተብዬ ገባሁ፤ ውሃው በጆግ መጣ። አንሶላው ንጹሕ ነበር፣ አልዋሽም።

ወደ ዋናው ልሂድ። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ነጭ ሩም ነበር፤ ከማርቲኒክ፣ ከካሪቢያኗ ደሴት የመጣ። አብዛኛው ሩም የሚሠራው ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ ነው። የማርቲኒኩ ግን ከሸንኮራው ጭማቂ ከራሱ ይወጣል። የእኔው 50 በመቶ አልኮል ነው። ለአጎቴ ያመጣሁት ነበር፤ እሱ ደግሞ ዊስኪ ካልሆነ አይነካም።

ከወንዶ ገነት ስንመለስ ሸንኮራ ገዛን። እዚያ ገበሬው ሸንኮራ በማሳው ያበቅላል። መኪና ውስጥ እየላጥኩ ስመጥ ሩሙ ትዝ አለኝ። ለሹፌሩ ስነግረው፣ «እንግዲያው ነገሌ እንቁም» አለ።

አርሲ ነገሌን በአረቄዋ የማያውቃት ማን አለ? የገባንበት ቤት ታፔላ የለውም፤ የጌሾና የጭስ ሽታ ይመራችኋል። ባለቤቷን እትዬ ልበላቸው። ድፍድፋቸው የስንዴና የበቆሎ ነው፣ ብቅልና ጌሾ ገብቶበት። እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ ጠብ ጠብ ይላል። መለኪያ ከመምጣቱ በፊት ቆሎ መጣ። «በባዶ ሆድ አልቀዳም» አሉ። በትልልቅ ሆቴሎች ስለ ሆዴ የጠየቀኝ የለም።

ተራውንም ዳግሙንም ቀዱልን። ዳግም እንደ ስሙ ነው፤ አንዴ የወጣው እንደገና ተጥዶ ይወጣል። ተራው ጭስ ጭስ ይላል፣ ያረረ ዳቦ ጠርዝ ዓይነት። ዳግሙ ጉሮሮን ዝም ብሎ ያልፍና ደረት ላይ ይነድዳል።

ከዚያ ሩሜን አወጣሁ። እትዬ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው አሹት፣ አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ እርጥብ ሣር ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ሸንኮራ እኮ የሣር ዘር ነው! እኔ ስንት ዓመት ጠጥቼው ያላስተዋልኩትን እሳቸው በአንድ ጠብታ አገኙት። ቀመሱና ጨመሩ፦ «ጉልበት አለው። ጭስ ግን አልነካውም።» እንደ ነቀፋ ነው የተናገሩት።

በመዓዛ ሩሙ ይበልጣል፤ የሎሚ ልጣጭ አለው፣ ሙዝም አለው። ከቆሎ ጋር ግን ዳግሙን የሚያህል የለም። ሩሙን ከሸንኮራው ጋር ሞክሩት፤ አንድ ጉራጅ ሸንኮራ መጠጥ መጠጥ አድርጉ፣ ከዚያ አንድ ፉት። ሹፌሩ ለስላሳውን ይዞ እያሸተተ ብቻ ታዘበን።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የአረቄው ጉልበት የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ በመለኪያ እንጂ በብርጭቆ እንዳትጀምሩ።

የተረፈውን ሩም ለእትዬ ተውኩላቸው። እሳቸው ደግሞ ዳግሙን በሃይላንድ ሞልተው ሰጡኝ። አዲስ አበባ ስገባ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። አጎቴ ሌሊት ተነስቶ ውሃ መስሎት ጎንጨት አለው። ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ዊስኪ ከየት ነው?» አለኝ።