ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፦ በየት በኩል ይሻላል?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ ኤርፖርት በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬት ለሚቆርጥ ሰው ግን ዋናው ነገር መሀል ላይ የት ይቆማል፣ ከአውሮፕላንስ ያስወርዳል ወይ የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሄድ አንድ ቦታ ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ሮም ከመንገዱ ብዙም አያወጣም። በሎሜ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በጠቅላላው 16 ወይም 17 ሰዓት ያዙ። ሲመለስ ዱለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ በ13 ሰዓት ገደማ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

በዱባይ ከሄዳችሁ ወደ ምዕራብ ለመድረስ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ትበራላችሁ። ድምሩ 13,870 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አየር ላይ ብቻ 18 ሰዓት ገደማ፣ ጥበቃው ሳይቆጠር። ዋጋው በደንብ ካልቀነሰ እኔ አልመርጠውም። ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው እግረ መንገዱን ጎራ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ፍራንክፈርት ያስገርማል። ሁለቱ በረራዎች ተደምረው 11,900 ኪሎ ሜትር ቢሆኑ ነው፤ መንገዱ ላይ ያለ ከተማ በሉት። ጥበቃው ሁለት ሦስት ሰዓት ከሆነ ጥሩ አማራጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ ይቅርባችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚያ ለማለፍ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ካለው ግን አያስፈልገውም።

ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ የምትቆርጡት፣ ሳልወላውል አውሮፕላን በማያስቀይረው በኢትዮጵያ አየር መንገድ እላለሁ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ፍራንክፈርት ላይ በር ሲፈልጉ አስቡት። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ሲቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫቸው አይነሱም። ዊልቼር ካስፈለጋቸው ደግሞ ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዝግቡ፤ ቦሌ ከደረሱ በኋላ መለመን ጣጣ ነው።

ሰዓቱን ስታነጻጽሩ የመነሻና የመድረሻውን ልዩነት ብቻ አትዩ። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። በበጋቸው 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:30 የሚገባ በረራ 10 ሰዓት ይመስላል፤ እውነቱ 17 ነው። ትኬት ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነውና 22:30 ማለት ከምሽቱ 4፡30 ነው። ቅዳሜ 00:30 የሚል ካያችሁ ደግሞ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ዓርብ ማታ ነው።